ጋሼ ጋራዡን እስኪዘጉ

መካኒኳ ቪዛ ያገኘችው ጋሼ ሰው ስላጡ ነበር፤ ይህን እሳቸውም ደብቀው አያውቁም። ጋራዣቸው ከከተማው መውጫ፣ የጭነት መኪኖች ከሚመላለሱበት አውራ ጎዳና ዳር ነው። የናፍጣ ሞተር ከሚያውቁት ነባር ሠራተኞች አንዱ ጡረታ ወጣ፣ ሌላው ወገቡን ታሞ ቀረ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ዘይት ከሚገባ ሌላ ማንኛውንም ሥራ ይመርጣሉ። ጋሼ ማስታወቂያ አወጡ፣ ደግመው አወጡ፣ የመጣ የለም። በመጨረሻ ከውጭ አገር ባለሙያ ስፖንሰር አድርጎ ማስመጣት እንደሚቻል ሰሙና ጉዳዩን ለአንድ ጠበቃ ሰጡ። ጠበቃው ካቀረበላቸው ሰዎች አንዱን በቪዲዮ ሊያነጋግሩ ሲደውሉ ስክሪኑ ላይ ሴት ብቅ አለችባቸው። የተሳሳተ ቁጥር የደወሉ መስሏቸው ሊዘጉት ነበር። ከዚያ፣ እስቲ ይሁን ብለው፣ የትልቅ መኪና ካምቢዮ ለብቻዋ ማውረድ ትችል እንደሆነ ጠየቋት።

«ክሪክ የላችሁም እንዴ?» አለቻቸው።

ጋሼ ሳቁና በዚያው ቀጠሯት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል የሚለውን ተረት በኋላ ስትነግራቸው እንደገና ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት እንዳገኟት ለሰው ሲያወሩ እርጉዟን ሳያነሱ አያልፉም ነበር።

ጋሼ ያለቻቸውም እሷ ናት። ደንበኛው ሁሉ በስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ የእሷ አፍ ግን እምቢ አለ። አንድ ቀን የቃሉን ትርጉም ጠየቋት። ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው አለቻቸው። ጥቂት አሰቡበትና፣ አባትሽ በምሆንበት ዕድሜ ወንድም ካልሽኝማ አተረፍኩ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ስትደውልላቸው ራሳቸው «አቤት፣ ጋሼ ነኝ» ይሏት ጀመር።

ቪዛው የመጣው ለሦስት ሰው ነው፤ ለእሷ፣ ለባሏና ሚጣ ለሚሏት ሴት ልጃቸው። ባሏ አገር ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበር። በእሱ ቪዛ ላይ የተጻፈው ቃል ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ጥገኛ» ማለት ነው። መምህሩ ይህን ያነበበ ቀን፣ እኔ ስለ ጥገኛ ሳስተምር የኖርኩት ቅማልና የኮሶ ትል እየጠቀስኩ ነው፣ አሁን እኔም ምዕራፉ ውስጥ ገባሁ ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። ቤት ውስጥ መቀመጡ ሲያንገሸግሸው አትክልት በሚታሸግበት አዳራሽ ሥራ ያዘ። ቀኑን ሙሉ በሚሽከረከር ቀበቶ ፊት ቆሞ የተጣመመውን ካሮት ካልተጣመመው ይለያል። አዳራሹ እንደ ማቀዝቀዣ ነው፤ ማታ ሲመጣ ጣቶቹ የቁልፍ ቀዳዳ አያገኙም።

«ካሮትን ከነሳይንሳዊ ስሙ አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን አያውቀኝም» ይላል።

የተከራዩት ሁለት ክፍል ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነበር። ከታች ማሽኖቹ ልብስ ሲጨምቁ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ራሱን ችሎ ይሄዳል። ሚጣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በሁለት ጭምቂያ መካከል ነው። የአገሩን ቋንቋ ከወላጆቿ በፊት አቀላጥፋ ያዘችና ከትምህርት ቤት የሚላከውን መልእክት የምታነብላቸው እሷ ሆነች። አንዳንዴ መምህሯ ስለ እሷ የጻፈችውን ወቀሳ ስታነብ መሀሉን ዘላ ታልፈዋለች፤ አባቷ ያውቃል፣ ዝም ይላል።

ቪዛው መካኒኳን ለጋሼ ብቻ ነበር የሚያሠራት። ሌላ ጋራዥ አንድ ቀን እንኳ ብትሠራ ሕገወጥ ናት። ጋሼ ቢተዋት ወይም ጋራዡ ቢዘጋ፣ ቶሎ ሌላ ስፖንሰር ካላገኘች ሦስቱም ሻንጣቸውን ይሸክማሉ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ ለእነሱ የተተከለላቸው ባላ አንድ ብቻ ነበር። ይህን መምህሩ ሌት ተቀን ያስበዋል። እሷ ግን አታስበውም፤ ሥራው ለሐሳብ ፋታ አይሰጥም።

የተወሰነ ዓመት ከሠራች በኋላ ጋሼ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አጯት፤ ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነው፣ አሠሪው ነው የሚያጨው። ማመልከቻው ገባ። ጠበቃው ጥቂት ወር ነው አለ። ጥቂቱ ወር ካለቀ በኋላ ደግሞ ጥቂት ወር ሆነ። በየሳምንቱ ብትደውልለት መልሱ አንድ ነው፤ በሂደት ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በዚህ መሀል ነው የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው።

መጀመሪያ ብሎን ነበር የሚወድቅባቸው። ቀኝ እጃቸው የያዘውን ይለቅና እሳቸው ወለሉን ያያሉ፣ ወለሉ ጥፋተኛ የሆነ ይመስል። ቀጥሎ የሻይ ኩባያቸውን እስከ ግማሽ ብቻ መሙላት ጀመሩ። ደንበኛ ሲመጣ ቀኝ እጃቸውን ቱታቸው ኪስ ይከቱና በግራ ይጨብጡታል። መካኒኳ ይህን አየች። ጠዋት እሳቸው ሳይመጡ ቀድማ ትገባና ጥቃቅኑን ሥራ፣ ፊልትሮውንና የናፍጣ ቧንቧውን፣ ጨርሳ ትጠብቃቸዋለች። እሳቸውም ገብተው ያዩና፣ ጥሩ፣ ይሄኛውን ትናንት ጨርሰነው ነው የሄድነው ለካ ይላሉ። እሷም አዎ ትላለች። እንዲህ ተባብለው ወራት አለፉ። የእሷ ትከሻ ግን የሁለት ሰው ሥራ መሸከሙን አልሸሸገም፤ ማታ ፀጉሯን ለማሰር ክንዷን ወደ ላይ ማንሳት ሲያቅታት ሚጣ ናት የምታስርላት።

አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ላይ የጋሼ ልጅ መጣች። ኢንሹራንስ ቢሮ የምትሠራ፣ ከመካኒኳ ጋር የዕድሜ እኩያ የሆነች ሴት ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ የአባቷን መድኃኒት፣ ልብስና ምግብ የምታየው እሷ ነበረች፤ ከሥራ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ልጆቿ ስትሮጥ ጫማዋን የቀየረችበትን ቀን የምታስታውስ አትመስልም። ጋሼ የመለዋወጫ ዕቃ ሊያመጡ ሄደው ነበር። እንደሌሉ አውቃ ነው የመጣችው። ከመካኒኳ አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠችና ያመጣችውን ዳቦ ለሁለት ከፈለችው። ጥቂት ስለ ሚጣ ጠየቀች። ከዚያ ሐኪሙ ለአባቷ ሥራ እንዲያቆሙ ከነገራቸው መቆየቱን፣ የጋራዡን ቦታ የሚገዛ መጋዘን የሚሠራ ድርጅት መገኘቱን፣ እሳቸው ግን እምቢ ማለታቸውን ነገረቻት።

«ለምን እምቢ እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

መካኒኳ አታውቅም ነበር።

«ስላንቺ ነው። እሱ ከዘጋ ማመልከቻሽ እንደሚወድቅ ጠበቃው ነግሮታል። ቃል ገብቼላታለሁ ይለኛል። እኔ አንቺ ላይ ምንም የለኝም፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እንዳንቺ ነበር የማደርገው። ግን አባቴ ነው። ካልቻልሽም አልፈርድብሽም፤ ከቻልሽ ልቀቂው።»

መካኒኳ ዳቦዋን ገመጠች። ዳቦው አፏ ውስጥ እንደ ጨርቅ ሆነባት። የጋሼ ልጅም መልስ አልጠበቀችም፤ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች፣ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ቶሎ አልሄደችም፤ ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ ጥቂት ቆየች።

በዚያ ምሽት ለመምህሩ ነገረችው። እሱ ሰምቷት ሲያበቃ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። እሳቸውን ማንም አላስገደዳቸውም፣ ቃል የሰጡት በፈቃዳቸው ነው፣ እኛም ቤታችንን በትነን የመጣነው ያንን ቃል አምነን ነው አለ። ደግሞ ጥቂት ወር ነው የቀረው አለ። ጥቂት ወር አምናም ነበር አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት፤ ምንም አለችው። ከታች ማሽኑ መጭመቅ ጀመረና ሁለቱም እስኪያበቃ ጠበቁ። ሲያበቃ ግን ጭቅጭቁን የቀጠለ አልነበረም፤ ሁለቱም ደክሟቸው ነበር።

በማግስቱ አማከረችውና ሌላ ስፖንሰር እንድትፈልግ ተስማሙ። በዕረፍት ቀኖቿ በየጋራዡ ዞረች። የአንደኛው ጋራዥ ባለቤት ሥራዋን አይቶ ወደዳት፤ ወረቀቷን ሲጠይቃት ፊቱ እንደ ጠፋ መብራት ሆነና እንደውልልሻለን አላት። አንድ ትልቅ የትራንስፖርት ድርጅት ደግሞ ቋሚ መኖሪያ ካለሽ ነገውኑ ግቢ አላት። ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት ነው እኮ የመጣሁት ብትላቸው፣ እሱን ስታገኚ ነይ አሏት። መምህሩ ይህን ሲሰማ፣ ጠግበህ ና፣ እናበላሃለን ማለት ነው አለ። ሦስተኛው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስፖንሰር ላደርግሽ እችላለሁ፣ ከደመወዝሽ ግን የተወሰነውን በየወሩ መልሰሽ ትሰጪኛለሽ አላት። ወረቀት ላይ ሌላ፣ እጅ ላይ ሌላ። መካኒኳ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ግን፣ በችኮላ ወጣሁ ይሆን እንዴ ብላ አሰበች፤ ያን ማሰቧ ከሰውዬው ይልቅ አናደዳት።

ለጋሼ ምንም አልነገረቻቸውም። እሳቸውም ልጃቸው መምጣቷን አላነሡም። ሥራው ቀጠለ።

ነገሩን የቆረጠው የአንድ ጭነት መኪና ፍሪሲዮን ነው። መኪናው ከፊት በዘይት ክሪክ ተነሥቶ ነበር። መካኒኳ በግራና በቀኝ የብረት መቆሚያ ካስገባች በኋላ ሥሩ ገብታ በጀርባዋ ተኝታለች። ካምቢዮው ወደ ቦታው እንዲገባ መኪናው ትንሽ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ጋሼ ክሪኩ ጋ ስለነበሩ ትንሽ ያንሡልኝ አለቻቸው። የዘይት ክሪክ ቫልቩን ወደ አንድ ወገን ካጠበቁት ይይዛል፣ ወደ ሌላው ከፈቱት ይለቃል። ይህን ጋሼ በእንቅልፍ ልባቸው ያውቁታል። እጃቸው ግን ያን ዕለት የራሱን ፈቃድ አደረገና ቫልቩን ለቀቀው።

መኪናው ወረደ። ብዙ አልወረደም፤ መቆሚያዎቹ ላይ አርፎ ጋራዡን ያናጋ ድምፅ አሰማ። አንደኛው መቆሚያ ጎበጥ ብሎ ወደ ጎን አዘነበለ፣ ቆመም። መካኒኳ ፊቷ ላይ የዓመታት ጭቃና አቧራ ረገፈባት። አክሱሉን ከደረቷ በላይ አየችው፤ እጇን ዘርግታ ሳትደክም ልትነካው ትችል ነበር። ለጥቂት ጊዜ መተንፈስ ራሱ ያን ብረት የሚያወርደው መሰላት። ከዚያ በተረከዟ መሬቱን እየገፋች፣ እንደ እባብ እየተሳበች ወጣች።

ጋሼ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘውታል፣ የሌላ ሰው እጅ እንደያዘ ሰው። ከንፈራቸው ነጥቷል። ተጎዳሽ ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቋት፤ ሁለቴም ደህና ነኝ አለቻቸው። እሷም መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ውጭ አውራ ጎዳናው ላይ መኪኖች ያልፋሉ።

«ልጄ መጥታ አናግራሻለች፣ አይደል?» አሉ ጋሼ።

«አዎ።»

«ምን አለችሽ?»

«ለእኔ ብለው እንዳልዘጉ ነገረችኝ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን አላነሡም፣ ቁልቁል እያዩት ነው የተናገሩት።

«እሱ ለእሷ የምነግራት ነው። ውሸትም አይደለም፤ ግማሹ ነው። ቤት ገብቼ ምን እሠራለሁ? ወንበር ላይ ተቀምጬ ይሄ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሳየው ልዋል? አንቺ ባትኖሪ አምና ዘግተውብኝ ነበር። ቃል ገብቼላታለሁ ስላቸው ጊዜ ሁሉም ዝም አሉ። አንቺን ይዤ ነው የቆምኩት።»

«እኔም እርስዎን ይዤ ነው።»

ጋሼ ፈገግ ሊሉ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። መካኒኳ በቱታዋ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች፤ ከአቧራው ይሁን ከሌላ ነገር እሷም አላወቀችም። ቀጥላ የተናገረችውን አስባበት አልነበረም። ከአፏ ሲወጣ ግን ለካ ውስጧ ሰንብቶ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ሁለታችንም ደክሞናል። ይዝጉት።»

«ወረቀትሽስ?»

«የወረቀቱን ነገር ለእኔ ይተዉት።»

ለምን እንዲህ እንዳለች አታውቅም፤ ለእሷ የሚተው ምንም ነገር አልነበረም። ወረቀቱ በእሷ እጅ ሆኖ አያውቅም።

ያን ቀን በጊዜ ቤት ገባች። መምህሩ የሥራ ፈረቃው ተቀይሮ ቤት ነበር፤ ለሚጣ ድንች ይልጣል። ጋራዡን እንዲዘጉ ነግሬያቸዋለሁ አለችው ገና በሩን ሳትዘጋ። መምህሩ ቢላውን አስቀመጠ።

«ሳታማክሪኝ?»

«ባማክርህ እምቢ ትለኝ ነበር፤ እኔም እሰማህ ነበር።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ሚጣ በሚቀጥለው ክፍል ነበረች። ይልቅ ቀስ አድርጎ፣ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ይመስል፣ አንድ በአንድ ነገራት። እሱ የጣለውን ሥራ፣ ልጅቷ ግማሽ ላይ የጣለችውንና እንደገና የያዘችውን ትምህርት፣ ስንት ቀን በየቢሮው ደጅ እንደጠኑ፤ ይህን ሁሉ የአንድ ሰው ርኅራኄ በአንድ ከሰዓት ሊያፈርሰው እንደማይገባ። እውነቱን ነበር። መካኒኳም እውነቱን መሆኑን አልካደችም። ጫማዋን ልትፈታ ጎንበስ ስትል ከፀጉሯ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ወለሉ ላይ ረገፈ። ምንድነው ይሄ አላት። ያኔ ነው የመኪናውን ነገር የነገረችው፤ በአጭሩ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ አድርጋ።

መምህሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆይቶ ተነሣና ውኃ አሙቆ ፀጉሯን አጠበላት፤ ጣቶቹ ከካሮቱ አዳራሽ ቅዝቃዜ የተነሣ ሻካራ ሆነዋል፤ እሷ ግን እዚያው ገንዳው ላይ አንገቷን ደፍታ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጋሼ ጋራዡን እንደሚዘጉ ለልጃቸው ሲነግሩ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ መካኒኳ ሌላ ስፖንሰር ሳታገኝ ሽያጩ እንዳይፈረም። የጋሼ ልጅ ገዢዎቹን ለምና ጊዜ አገኘች፤ ብዙ አልነበረም። ከቢሮዋ ሆና በምሳ ሰዓቷ ስልክ ትደውላለች፣ የጋራዥና የድርጅት አድራሻ ታሰባስባለች። መካኒኳን ልቀቂው ካለቻት ጀምሮ ዓይኗን ማየት ይከብዳት ነበር፤ ስልክ መደወሉ ሳይቀላት አልቀረም። በመጨረሻ በሌላ ከተማ ያለ የሕዝብ አውቶቡስ ድርጅት መካኒክ እንደቸገረው ሰማች። ጋሼ ራሴ ካልሄድኩ አሉ። ቢያርፉ እንደሚሻል ቢነገራቸው አልሰሙም። ልጃቸው መኪናውን እየነዳች፣ እሳቸው ከፊት፣ መካኒኳ ከኋላ ሆነው ሄዱ፤ መንገዱን ሙሉ ጋሼ ከሚያልፏቸው መኪኖች የትኛው የጭስ ማውጫ ማርሚታው እንደተበሳ ሲናገሩ ቆዩ።

የወርክሾፑ ኃላፊ ቁጥብ ሰው ነበር። የመካኒኳን ሥራ አስፈትሾ፣ ሙያዋን አልጠላሁም አለ። ስፖንሰር ማድረጉን ግን ድርጅቱ እንደማይወደው ገለጸ፤ ከዚህ በፊት አንድ ሰው አምጥተው፣ ፈቃዱን ባገኘ ማግስት ጥሏቸው ሄዷል። አስተዳደሩ ያ ነገር ገና አልወጣለትም። እሷ ትታን እንደማትሄድ ምን ማስረጃ አለ አለ፣ ወደ ጋሼ ዞሮ። ጋሼ ኪሳቸው የከተቱትን እጅ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እጁ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እስክሪብቶው ከነመያዣው አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«እሷ ትታኝ አልሄደችም፤ እኔ ነኝ ትቻት የምሄደው» አሉ። «እንደዚህ ስሆን የእኔን ሥራ ከእሷ ጋር ደርባ ስትሠራ ነው የከረመችው። እኔ እንዳላፍር ደግሞ ትናንት ጨርሰነዋል ስላት አዎ ትለኛለች።»

መካኒኳ ወለሉን አየች። የጋሼ ልጅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኃላፊው እጁን እስክሪብቶው ላይ ጫን አደረገና፣ ለአስተዳደሩ አቀርባለሁ አለ።

አስተዳደሩ ፈቀደ። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ጠበቃው ሲያብራራላቸው፣ የጋሼ ጋራዥ ሲዘጋ የገባው የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻ አብሮት ይዘጋል፤ አዲሱ አሠሪ ሊያጫት የሚችለው ከእሱ ጋር የሚፈለገውን ዓመት ከሠራች በኋላ ነው። ያለፈው አይቆጠርም። መምህሩ ይህን ሲሰማ፣ ክፍል መድገም ማለት ነው፣ ሳስተምር ብዙ ልጆች አስደግሜያለሁ፣ የእነሱ ግፍ ይሆናል አለ። ለመሳቅ የሞከረ ሰው አልነበረም።

ሚጣ እንደገና ትምህርት ቤት ልትቀይር እንደሆነ ሲነገራት አላለቀሰችም። እዚያም ለጊዜው ነው ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። አባቷ አዎ አላት፤ ሰው ሁሉ የሚኖረው ለጊዜው ነው፣ እኛ ግን ማኅተም ተመትቶበት ነው አላት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና መጻሕፍቷን በካርቶን መክተት ጀመረች። በዚህ ሥራ ከሁለቱም የተሻለች ሆናለች፤ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ።

ጋራዡ የተዘጋው ዝናብ ባለበት ቀን ነው። ዕቃው ተሸጦ አልቋል። ጋሼ ተንሸራታቹን የብረት በር ሲያወርዱት ልጃቸውና መካኒኳ ረዷቸው። ወደ መኪናው ሄደው ከተቀመጡ በኋላ እንደገና ወረዱ። ኮምፕሬሰሩ መጥፋቱን ልይ አሉ። ልጃቸው፣ አባዬ ተሽጧል እኮ፣ ከሄደ ሳምንት ሆነው አለቻቸው። ቢሆንም በሩን አስከፍተው ገቡ። ኮምፕሬሰሩ የነበረበት ወለል ዙሪያው በዘይት ጠቁሮ መሀሉ ንጹሕ ነበር። ጋሼ ጥቂት ቆመው አዩትና፣ እሺ፣ ጠፍቷል አሉ።

አዲሱ ከተማ ከፊተኛው ብዙ አይለይም። አውቶቡሶቹ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ስለሆኑ የመካኒኳ ሥራ ሲመሽ ይጀምራል። ቱታ የሰጧት የወንድ ነው፤ እጅጌውን ሁለቴ ትጠቀልለዋለች። መምህሩ የአካባቢው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕቃ የሚያጥብና የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈልግ ገባ፤ ክፍል ገብቶ አያስተምርም፣ ግን ማይክሮስኮፕ እጁ ገብቷል፣ አንዳንዴም ልጆች ሾልከው መጥተው ይጠይቁታል። ይህን ሲያወራ ድምፁ የድሮው መምህር ድምፅ ይሆናል፤ ግን ብዙ አይቆይም።

እሑድ እሑድ ጋሼ ይደውላሉ። ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንድም እሑድ አልዘለሉም። ስለ ጤንነታቸው ስትጠይቃቸው በአጭሩ ያልፉትና በሳምንቱ ምን ምን እንደሠራች ይጠይቋታል። ልጃቸው እንደነገረቻት፣ ሲያወሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መካኒኳ ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ተጋድማ ነው የምታናግራቸው። ትከሻዋ ስልክ ይዞ መቆየት ስለማይችል መምህሩ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይይዝላታል፤ በሌላው እጁ የሚጣን ደብተር ያርማል።

ባለፈው እሑድ ስለ አንድ ያረጀ አውቶቡስ ቴስታታ፣ ስለ ሞተሩ የላይ ክዳን፣ እየነገረቻቸው ሳለ መሀል ላይ ቃሏ ተቆረጠ። መምህሩ ዞር ብሎ ቢያያት ተኝታለች። ስልኩን ወደ ራሱ ጆሮ ወሰደው። ከዚያ ወገን ጋሼ፣ ከዚያስ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየራችሁት ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። መምህሩ ስለ ጓርኒሲዮን የሚያውቀው ነገር የለም።

«አዎ ጋሼ፣ ቀየርነው» አላቸው።